ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ከመግዛትዎ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

ከዚራ የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ የተቆረቆረ፣ ቀጥ ባሉ መንገዶቹና በጥላ ዛፎቹ የሚታወቅ ሠፈር ነው። በእንዲህ ዓይነት ተፈላጊ ሠፈር የሚሸጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ የነጋዴውን ብቻ ሳይሆን፣ ለልጁ የከተማ ቤት የሚመኘውን የገበሬ ጥሪትም ይስባል። ለመሆኑ ገዢው በገንዘቡ የሚያገኘው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ደረጃ፣ የሚገዛው መሬት አይደለም። የከተማ ቦታ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ መሬት አይሸጥም፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጽንቷል። ገበሬው ማሳውን እንደሚጠቀምበት እንጂ እንደማይሸጠው ሁሉ፣ የከተማው ነዋሪም ባለቤት የሚሆነው በቤቱ ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። ስለዚህ ቦታው በሊዝ የተያዘ ከሆነ የቀረው ዘመንና ያልተከፈለው የሊዝ ዕዳ መጠየቅ አለበት።

ሁለተኛው፣ የጋራው ድርሻ ነው። የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 ለቤቱ ባለቤት ከግል ክፍሉ በተጨማሪ በጋራ መጠቀሚያዎች ላይ ያልተከፋፈለ ድርሻ ይሰጠዋል። ድርሻ ካለ ወጪም አለ። አሳንሰሩን፣ የውኃ መሳቢያውን፣ ጄኔሬተሩንና ጥበቃውን የሚሸፍነው ወርኃዊ መዋጮ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ስፋቱም እንዲሁ ነው፤ ለምሳሌ 65 ካሬ ሜትር የተባለው ቤት 13ቱ የደረጃና የመተላለፊያ ድርሻ ከሆነ፣ ለመኖሪያ የሚቀረው 52 ካሬ ሜትር ብቻ ነው።

ሦስተኛው ሰነድ ነው። ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በድሬዳዋ ተፈጻሚ የሆነው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት እንዳይሸጥ ይደነግጋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ደግሞ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዝዛል። በሠፈር ሽማግሌዎች ፊት ብቻ የተፈረመ ወረቀት ይህን አይተካም።

ቀብድም ቀላል ነገር አይደለም። ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። ስለሆነም ሰነዶቹ መመርመር ያለባቸው ከቀብዱ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም።

በመጨረሻም፣ ቦታውን በእግር ዞሮ ማየት ይበጃል። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደረሰው የደቻቱ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ሕንፃው ከወንዙ ያለውን ርቀት፣ የፍሳሽ መውረጃውን፣ በሙቀቱ ወቅት ነፋስ የሚያስገቡትን መስኮቶች የሚያሳይ የሽያጭ ማስታወቂያ አይገኝም። ይህን ማየት የገዢው ፋንታ ነው።