ወረታ ላይ ለአጭር ጊዜ ስትቆሙ የትኛው ጠላ ቤት ይሻላል?

አስጎብኚ ስለሆንኩ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፉ እንግዶች ደጋግመው ይጠይቁኛል። በር ላይ የተደፋው ጣሳ ጠላ መኖሩን እንጂ ጥራቱን አይናገርም። ስለዚህ መጀመሪያ «ከምን ተጠመቀ?» በሉ። ወረታ ያለችበት ፎገራ የሩዝ አገር ነው፤ ከዳጉሳና ከገብስ ሌላ ሩዝ የገባበት ጠላ ካለ ቅድሚያ ስጡት፣ ሌላ ከተማ በቀላሉ አታገኙትም። ቀጥሎ ጣሳውን ወደ አፍንጫችሁ አስጠጉ፦ ጋኑ በወይራ በደንብ ከታጠነ ጭሱ ከጌሾው ምሬት ቀድሞ ይሸታችኋል። እኔ ለዚህ ሽታ ስል ብዙ ቤት አልፋለሁ። ጉሽ ከተገኘ ሳይጠልል ቅመሱት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ ግን ቆይቷል፤ አመስግናችሁ ውጡ። በገበያ ቀን ጠላው ቶሎ ስለሚያልቅ ትኩስ የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። መኪና የሚነዳው ሰው ቡና ይጠጣ።