ከእናት መርፌ እስከ ልጅ ክኒን፦ በሃዳር ጋኒም ቤቶች የማይወራው

በፔታ ቲክቫ ሃዳር ጋኒም፣ ከኢትዮጵያ በመጡ ቤተሰቦች ሳሎን ብዙ ነገር ይወራል፤ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ጻቫ፣ ስለ ማሽካንታ፣ ጎንደር ስለቀረ ዘመድ። ሴት ልጅ ያልፈለገችውን እርግዝና እንዴት እንደምትከላከል ግን አይነሳም። እናት «ነውር ነው» ትላለች። ልጅ ደግሞ «እናቴ ብትሰማ ትሞታለች» ብላ ዝም ትላለች። ነገሩ ግን ነውር ብቻ አይደለም። ከዝምታው ኋላ አንድ መርፌ አለ።

መርፌው ዴፖ ፕሮቬራ ይባላል፤ በየሦስት ወሩ ይሰጣል። ለኢትዮጵያ ሴት እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገሪቱ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ካገቡት ሴቶች 23 በመቶው የሚጠቀሙት መርፌ ነበር። ባል ሳያውቅ ሊወሰድ ይችላል፤ እንደ ክኒን በየቀኑ ማስታወስ የለም። ስለዚህ መርፌው በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ጥያቄው ማን ወሰነ፣ ምንስ ተብሎ ተሰጠ የሚለው ነው።

በታኅሣሥ 2012 (እ.ኤ.አ.) የእስራኤል የትምህርት ቴሌቪዥን ባቀረበው ፕሮግራም፣ ጋዜጠኛ ጋል ጋባይ ካነጋገረቻቸው ሴቶች መካከል ገና ኢትዮጵያ ሳሉ መርፌውን ካልወሰዱ ወደ እስራኤል እንደማይሄዱ እንደተነገራቸው የገለጹ ነበሩ። ክትባት መስሏቸው የወሰዱም ነበሩ። ቀደም ሲል በ2009 የሃይፋው የሴቶች ድርጅት ኢሻ ለኢሻ፣ በእስራኤል መርፌውን ከሚወስዱት ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከኢትዮጵያ የመጡ ናቸው ሲል ዘግቦ ነበር። በጥር 2013 የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ሮኒ ጋምዙ፣ አንዲት ሴት ስለ መርፌው በትክክል አልተረዳችም የሚል ስጋት ካለ ሐኪሞች እንዳያድሱላት ለኩፓት ሆሊሞቹ ጻፉ። በ2016 የመንግሥት ተቆጣጣሪው በግዳጅ ስለመሰጠቱ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። በማኅበረሰባችን ግን ነገሩ በዚህ አልተዘጋም። ማስረጃ አልተገኘም ማለትና ለሴቲቱ በቋንቋዋ ተብራርቶላታል ማለት የተለያዩ ናቸው።

ልጆቹ እዚህ ተወልደው ዕብራይስጥ እንደ ውኃ ይጠጣሉ። ከቤት የሰሙት ግን «መድኃኒቱ ያመክናል» የሚለውን ነው። እውነቱ ይህ ነው፦ መርፌው ከቆመ በኋላ ለማርገዝ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ መካን ግን አያደርግም። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የአጥንት ጥንካሬን ስለሚቀንስ፣ ከሁለት ዓመት በላይ ለመቀጠል ከሐኪም ጋር መመካከር ያሻል። ክኒን (ጉሉሎት) ወይም ሉፕ፣ በዕብራይስጡ ሄትካን፣ ሲቆም ግን ማርገዝ የሚቻለው ቶሎ ነው። ይህን የሚነግራት ያጣች ልጅ ወይ ቀን ትቆጥራለች፣ ወይ «አንድ ጊዜ ምን ይመጣል» ትላለች።

ይመጣል እንጂ! ያኔ የድንገተኛው ክኒን አለ፤ አዲስ አበባ ላይ ‹ፖስት ፒል› የሚሉት ዓይነት። በእስራኤል ፋርማሲ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። አንደኛው ዓይነት እስከ 72 ሰዓት፣ ሌላኛው እስከ አምስት ቀን ይወሰዳል፤ በቶሎ ሲሆን ይበልጥ ይሠራል። ችግሩ የሰፈር ፋርማሲ ነው። ሻጯ የአክስት ጎረቤት ብትሆንስ? አውቶቡስ ተሳፍሮ ሌላ ሰፈር መሄድ ይመጣል፣ ሰንበት ላይ ደግሞ አውቶቡሱም የለም። ዓርብ ማታ በሦስት ሰዓት ለሆነ ነገር እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ድረስ ከተጠበቀ፣ 36 ሰዓት አለቀ ማለት ነው።

እርግዝናው ከተፈጠረስ? ብዙ ልጆች ‹ቫዓዳ› የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፍርድ ቤት ይመስላቸዋል። ቫዓዳው ሁለት ሐኪሞችና አንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ያሉበት ኮሚቴ ነው። በ1977ቱ ሕግ መሠረት ካገባች ሴት ውጭ የሆነ እርግዝናም ሆነ ከ18 ዓመት በታች መሆን ፅንስ ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ነው። ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ ደግሞ የወላጅ ፈቃድ አያስፈልጋትም፤ ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ከ2014 ወዲህ ከ20 እስከ 33 ዓመት ላሉ ሴቶችም ወጪውን መንግሥት ይሸፍናል። በ2022 የጸደቀው ደንብ ደግሞ ማመልከቻውን በኢንተርኔት ማስገባት እንዲቻል፣ ኮሚቴ ፊት በአካል መቅረብ እንዲቀርና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በክኒን የሚደረገው በኩፓት ሆሊም ክሊኒክ እንዲሰጥ አድርጓል። መውለድ የፈለገችን ልጅ ማንም አያስገድዳትም።

እዚህ ላይ ቀኖቹ ዋጋ አላቸው። ፈርታ ሁለት ወር የደበቀች ልጅ በክኒን የሚያልቀውን ነገር ወደ ሆስፒታል ታደርሰዋለች።

ሌላ አስቸጋሪ ነገርም አለ። እናት የሴቶች ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ብዙ ጊዜ አስተርጓሚዋ ልጇ ናት። እናት ስለ ወር አበባዋ በልጇ አፍ ትናገራለች፤ ሊነገር የሚገባው ግማሹ ሆድ ውስጥ ይቀራል። አንዳንዷ ልጅ ስለ እናቷ መርፌ የምትሰማው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ልጅ ግን የግድ ማስተርጎም የለባትም፤ ቴኔ ብሪኡት የተባለው ማኅበር ለሐኪምና ለታካሚ በስልክ የሚያስተረጉሙ አማርኛ ተናጋሪዎች አሉት። ሐኪሙ «አስተርጓሚ ይደወልልኝ» ሲባል ስልኩን ያነሳል፤ ልጅ ደግሞ ውጭ ወንበር ላይ ትጠብቃለች።