ውጤት እስኪመጣ ድረስ

ተማሪ ፈተናውን ፈጽሞ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ እስከ ውጤቱ ቀን ድረስ ያለው ጊዜ ከወራት ሁሉ ይልቅ የረዘመ ይመስለዋል። ትምህርት እንዳይባል ደወሉ ቀርቷል፤ ሥራ እንዳይባል ደመወዝ የለውም፤ ዕረፍት እንዳይባልም ልብ አያርፍም። በአሶሳ ምድር በገነተ ማርያም ያለ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ይህ ጊዜ የሚደርስበት በክረምት ነው። የ2016 ዓ.ም. ፈተና በሐምሌ ተፈጽሞ ውጤቱ የተገለጠው በጳጉሜን ነበር፤ ያለፈውም ተማሪ ቢሆን ትምህርት ሚኒስቴር ወደ የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚመድበው ለማወቅ ደግሞ ሌላ ጊዜ መጠበቅ አለበት።

ቀድሞ ተማሪ የሚፈተነው በየትምህርት ቤቱ ነበር። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ስለ ጀመረ፥ ብዙው ተማሪ ገና ሳይመደብ የዩኒቨርሲቲውን በር አልፎ፥ በአልጋው ተኝቶ፥ ከማዕዱ በልቶ ይመለሳል። ይህም መጠበቁን አክብዶታል። ያላዩትን መመኘት ይቀላል፤ አይተው የተመለሱትን መመኘት ግን እንቅልፍ ይነሣል።

ስለዚህ ብዙዎች ቀኑን በወሬ ያሳልፉታል። ማለዳ ውጤቱ ዛሬ ይወጣል የሚል ወሬ በስልክ ይደርሳል፤ ማታ ሐሰት ነበር ይባላል። በዚህም መካከል ገንዘብ ክፈሉና ውጤታችሁን አስቀድመን እናሳያችሁ የሚል አታላይ አይጠፋም። ነገር ግን ወረቀቱ ከእጅ ከወጣ በኋላ በጭንቀት የምትጨመር አንዲት ነጥብ እንኳ የለችም።

እንግዲህ ሥራ ይያዝ ማለት ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ምን ዓይነት ሥራ የሚለው ነው። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንደሚባለው፥ ጊዜን ለማሳለፍ ብቻ የሚሠራ ሥራም አለና። የሚሻለው በሁለቱም መልስ ፊት የሚጸና ሥራ ነው፤ ይኸውም ተማሪው ቢያልፍ የሚጠቅመው፥ ባያልፍም የማይከስርበት ነው።

ይህን ማለት ያስፈለገው ቍጥሩ ከባድ ስለ ሆነ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 8.4 ሆኑ። ቍጥሩ ከፍ እያለ ቢሄድም፥ ከአሥር ተማሪዎች ከዘጠኝ የሚበልጡት ያገኙት መልስ የተመኙት አልነበረም። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በ2015 ዓ.ም. በተጀመረው ሪሚዲያል በሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ሁለተኛ ዕድል ያገኛሉ፤ ሌሎቹ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳሉ፤ እንደ ገና የሚፈተኑም አሉ። ክረምቱን ሁሉ በአንድ መልስ ላይ ተንጠልጥሎ የከረመ ልጅ ሌላው መልስ ሲመጣበት እግሩን የሚያሳርፍበት ያጣል።

በአሶሳ ደግሞ ክረምት የሥራ ወራት ነው። በቆሎውና ማሽላው መታረም ይፈልጋል፤ አኩሪ አተሩና ለውዙም እንዲሁ። ቤርታዎችና ጉሙዞች ለምግብ የሚያውሉት የሽመል ለጋ ቡቃያ የሚለቀመው በዚሁ በዝናቡ ጊዜ ነው። ይህን የቤተ ሰብ ሥራ እንደ ውርደት የሚቈጥር ተማሪ አለ፤ ነገር ግን አባትና እናቱ አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማሩት በዚያው እርሻ ነው። ደግሞም ከአሶሳ እስከ አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ምደባው ወደ ጅግጅጋ ወይም ወደ አርባ ምንጭ ቢሆን መንገዱ ከዚያም ይረዝማል። ለመሳፈሪያና ለብርድ ልብስ የሚሆነውን ገንዘብ በክረምት ሠርቶ ያገኘ ልጅ፥ ምደባው ሲወጣ ጥጃ ይሸጥልኝ ብሎ ቤተ ሰቡን አያስጨንቅም። ልብስ ማጠብና ወጥ መሥራትም በዚህ ጊዜ ይለመዳል። ሴቶቹ ይህን አስቀድመው ያውቁታል፤ ለእነርሱ የሚጠፋው ሥራ ሳይሆን መጽሐፍ የሚገልጡበት ሰዓት ነውና፥ ወላጅ በቀን አንድ ሰዓት ቢተውላቸው ከብዙ ምክር ይበልጣል።

በፖላንድ አገር ማሪያ ስክሎዶቭስካ የምትባል ልጅ ነበረች፤ ኋላ ማሪ ኩሪ ተብላ ሁለት ጊዜ የኖቤል ሽልማት የተቀበለችው እርስዋ ናት። በዘመንዋ የዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ሴቶችን አይቀበልም ነበርና፥ ከታላቅ እኅትዋ ከብሮንያ ጋር ተዋዋለች፤ መጀመሪያ ብሮንያ ፓሪስ ሄዳ ሕክምና እንድትማር ማሪያ ሠርታ ልትረዳት፥ ኋላም ብሮንያ በተራዋ ማሪያን ልትረዳ ተስማሙ። ስለዚህ ማሪያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1886 እስከ 1889 ዓ.ም. በገጠር በአንድ ባለጠጋ ቤት ልጆች እያስተማረች ኖረች። በትርፍ ሰዓትዋ የገበሬ ልጆችን በፖላንድ ቋንቋ ማንበብና መጻፍ ታስተምር ነበር፤ ይህም በሩስያ አገዛዝ ዘንድ የሚያስቀጣ ነበር። ማታ ማታ ለብቻዋ ታጠና ነበር። በመጀመሪያ ሥነ ጽሑፍንም ስለ ሰው ማኅበር ኑሮ የሚናገረውንም ትምህርት ትወድ ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት ግን ልብዋ በሒሳብና በፊዚክስ ላይ ጸና። በ1891 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ስትሄድ የምትማረውን መርጣ ነበር።

ማስተማር ለኢትዮጵያ ተማሪም እንግዳ ነገር አይደለም፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ተማሪዎች ፊደል ያልቈጠሩትን ጎልማሶች አስተምረዋል። ዛሬም የጎረቤትን የ8ኛ ክፍል ልጅ ሒሳብ የሚያስረዳ ተማሪ፥ ራሱ ሳያስተውል ሸምድዶ ያለፈውን ቦታ ቶሎ ያገኘዋል። ይህ ዩኒቨርሲቲ ለሚገባውም፥ እንደ ገና ለሚፈተነውም ይሆናል።

ቀኑንም መከፋፈል አያስቸግርም። ዝናቡ ሳይመጣ ጧት አረም፥ ከቀትር በኋላ ሲዘንብ ከጣራው ሥር ልጆችን ማስጠናት፥ ማታ ንባብ። ስልኩን ማየት ካልቀረ በቀን አንድ ጊዜ ከእራት በኋላ ይበቃል፤ ውጤቱ በእውነት የወጣ ቀን መንደሩ ሁሉ ስለሚንጫጫ ሳይሰማ የሚቀር የለም።