የዓባይ በረሃ ዳገትና የራዲያተር ውሃ

ከመርካቶ ጎጃም በረንዳ ተነስቶ ወደ ጎጃም የሚያቀና አይሱዙ ደጀን ከመድረሱ በፊት ዓባይ በረሃን መሻገር አለበት። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ቁልቁል ይወርድና ወዲያ ማዶ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ በከባድ ማርሽ ይወጣል። ሞተሩ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲሠራ መኪናው ግን ያዘግማል፤ ራዲያተሩን የሚያበርደው ነፋስም ያንሳል። ኮፈን ከፍቶ ዳር መቆም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

«ኩላንት የፈረንጅ አገር ብርድ መከላከያ ነው፤ ለእኛ ውሃ ይበቃል» የሚሉ ባለመኪኖች ጥቂት አይደሉም። ሙቀት በመሸከም ውሃን የሚስተካከለው የለም፤ እዚህ ላይ እውነት አላቸው። ግን ቶሎ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ድስት ላይ የተጣደ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይንተከተካል። የብዙ ሞተሮች የዘወትር ሙቀት ደግሞ ከ85 እስከ 95 ነው። ነገሩን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ደህና ከሆነ ግፊቱን አምቆ የመፍያ ሙቀቱን ከ110 በላይ ይገፋዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ይህን አይችልም። ከውሃ ጋር እኩል በእኩል የተቀላቀለ ኩላንት መፍያውን በ7 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፤ ዝገትንም ይከላከላል።

ቅልቅሉን በቀለም መገመት ከንቱ ነው። አረንጓዴውም ቀዩም አምራቹ የጨመረው ቀለም ነው።

ትክክለኛው መለኪያ ሪፍራክቶሜትር ነው። አንድ ጠብታ መስታወቱ ላይ ይደረግና ብርሃን በፈሳሹ ውስጥ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ይነበባል። ንባቡ የሚሰጠው በመርጊያ ሙቀት ነው፦ ከዜሮ በታች 37 ካሳየ ኩላንቱ ግማሽ ነው፤ 15 አካባቢ ከሆነ ሲሶም አይሞላም።

እንበል 7 ሊትር የሚይዝ ራዲያተርና ሞተር ውስጥ ያለው ኩላንት 30 በመቶ ብቻ ነው። ሞተሩ በደንብ ከበረደ በኋላ (ትኩስ ክዳን የከፈተ ፊቱን ያቃጥላል) 2 ሊትር ይቀዳና 2 ሊትር ያልተበረዘ ኩላንት ይተካበታል፤ ውጤቱ 50 በመቶ ይሆናል። ሞተሩን አስነስቶ ካዋሃዱት በኋላ እንደገና መለካት ነው። «ሲበዛ ይሻላል» ብሎ ንጹሑን ብቻ መሙላት ግን ሙቀት የመሸከም አቅሙን ይቀንሰዋል። ለመበረዣም ኖራ የሌለበት ዲስቲልድ ውሃ ይመረጣል።

የተቀዳውን አሮጌ ኩላንት በሃይላንድ ጠርሙስ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። ኩላንቱ ውስጥ ያለው ኤትሊን ግላይኮል ይጣፍጣል፤ የጠጣውን ልጅ ወይም ውሻ ኩላሊት አበላሽቶ ሊገድል ይችላል።