በጦርነት ጊዜ ሕዝብን የሚመለከቱ አንዳንድ የሕግ ቃላት
ከደብረ ታቦርና ከጋይንት ታሪክ በመነሣት

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጦር ሠራዊት በአንድ አገር ሕዝብ ላይ ሥልጣን በሚይዝበት ጊዜ የሚያገለግሉትን ዋና ዋና የአማርኛ ቃላት መርምሮ የትርጉማቸውን ወሰን መለየት፣ ለተርጓሚዎችም አንዳንድ ሐሳብ ማቅረብ ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከደብረ ታቦርና ከአካባቢዋ ደጋ የተወሰዱ ናቸው። ምክንያቱም ይህ አገር በመቶ ስድሳ ዓመት ውስጥ የራሱን ንጉሥ ሠራዊት፣ የባዕድ ጦርንና የእርስ በርስ ጦርነትን በየተራ ያየ በመሆኑ፣ ቃላቱ የት ላይ እንደሚበቁና የት ላይ እንደሚያጥሩ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ኢትዮጵያ አራቱን የጄኔቫ ስምምነቶች በ1962 ዓ.ም.፣ ሁለቱን ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች ደግሞ በ1986 ዓ.ም. ተቀብላለች። ስለዚህ ቃላቱን አጥርቶ መለየት ግዴታን አጥርቶ ለመለየት ይረዳል።

1. «ወረራ» እና «የተያዘ ግዛት»

በአማርኛ «የጣሊያን ወረራ ዘመን» ሲባል አምስቱ ዓመት በሙሉ ማለት ነው። ደብረ ታቦር በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ጦር እጅ ገባች፤ በከተማዋ የነበረው ጦር እጁን የሰጠው በ1933 ዓ.ም. ክረምት ነው። «ወረረ» የሚለው ግሥ ግን በባሕርዩ ድንገት መግባትንና መሙላትን ያመለክታል፤ አንበጣ ይወርራል፣ ፈረሰኛ ይወርራል። ወራሪው ከገባ በኋላ ተቀምጦ ግብር ማስገበሩ፣ ሹም መሾሙና ዳኝነት ማየቱ ሌላ ሁኔታ ነው፤ ሌላ ስምም ያሻዋል።

በዓለም አቀፍ ሕግ ልዩነቱ መሠረታዊ ነው። በ1907 እ.ኤ.አ. የወጣው የላሄ ደንብ፣ በዐንቀጽ 42፣ አንድ ግዛት ተይዟል የሚባለው በእርግጥ በጠላት ጦር ሥልጣን ሥር ሲውል መሆኑን ይናገራል። ደንቡ ያዡ መብት አለው ወይስ የለውም ብሎ አይጠይቅም። የያዘ ሁሉ ጸጥታን የማስጠበቅ፣ የአገሩንም ሕግ ፈጽሞ ካልተቸገረ በቀር የማክበር ግዴታ አለበት። ተርጓሚው ሁሉንም «ወረራ» ብሎ ከጠራው ቁጣው ይገለጻል፤ ግዴታው የሚጀምርበት ነጥብ ግን ይጠፋል።

«ይዞታ» የሚለውም ቃል አይመችም። «የመሬት ይዞታ» እንደምንለው ሁሉ የባለመብትነት ጣዕም አለው። ስለዚህ «በጦር የተያዘ ግዛት» ማለት ይሻላል። ለያዡም «ያዥ ጦር» ይበቃል፤ «ገንዘብ ያዥ» ከሚለው ጋር እንዳይምታታ «ጦር» የሚለውን ቃል መተው አይገባም።

አንድ ጥንቃቄ እንጨምር። በሕግ ቋንቋ «የተያዘ ግዛት» የሚባለው በመንግሥታት መካከል በሚደረግ ጦርነት ብቻ ነው። የትግራይ ኃይሎች ከነሐሴ 6 እስከ ነሐሴ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. የላይ ጋይንቷን ንፋስ መውጫን ይዘው በቆዩ ጊዜ ጦርነቱ የአገር ውስጥ ስለነበረ፣ የሚጠቀሰው ሕግ የጄኔቫ ስምምነቶች የጋራ ዐንቀጽ 3 እና ሁለተኛው ፕሮቶኮል ነው። በሕግ ጽሑፍ «በቁጥጥር ሥር የዋለ ከተማ» ማለት ይበቃል። የከተማው ሰው «ተወረርን» ብሎ ቃሉን ሲሰጥ ግን ተርጓሚው ቃሉን እንዳለ ይተው እንጂ አያርመው፤ ምስክርነት የምስክሩ ነውና።

2. «የጦር ሕግ»

ይህ ሐረግ ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን ተሸክሟል። እነዚህም፦

ሀ) ተዋጊዎች ሁሉ የሚገዙበት ዓለም አቀፍ ሕግ፤
ለ) ወታደሩ በራሱ ሠራዊት ውስጥ የሚተዳደርበት ሥርዓት፤
ሐ) መንግሥት በገዛ አገሩ ሲቪል አስተዳደርን በወታደራዊ ሥልጣን የሚተካበት ሁኔታ፤
መ) ያዥ ጦር በያዘው አገር የሚያቆመው አስተዳደር ናቸው።

የመጀመሪያውን «የጦርነት ሕግ»፣ ሁለተኛውን «የሠራዊት ሕግ»፣ ሦስተኛውን «ወታደራዊ አገዛዝ»፣ አራተኛውን «የያዥ ጦር አስተዳደር» ብንል መደነጋገሩ ይቀራል።

ሦስተኛው በተለይ መብራራት አለበት። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በቁጥር 29 የከበባን ሁኔታ፣ ወታደራዊ አገዛዝንና የአገር አስቸኳይ ሁኔታን ለያይቶ ለንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን ይሰጥ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ግን በዐንቀጽ 93 የሚያውቀው «የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ» የሚለውን ብቻ ነው። በዚህም ዐንቀጽ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው ዐንቀጽ 18 በምንም ሁኔታ አይታገድም፤ አፈጻጸሙን የሚከታተል መርማሪ ቦርድም ይቋቋማል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት የታወጀውና አንድ ጊዜ ተራዝሞ እስከ ግንቦት 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ግድም የቆየው ዐዋጅ በዚሁ ዐንቀጽ ላይ የቆመ ነበር። ሕዝቡ ግን ያንን ጊዜ ሲጠራ የሚጠቀመው በዐዋጁ ስም ሳይሆን «ኮማንድ ፖስት» በሚለው የውሰት ቃል ነው። «ኮማንድ ፖስት» የትእዛዝ ቦታ ስም ነው፤ የሕግ ሁኔታ ስም አይደለም። ሰው ሥልጣንን በሚያዝዘው አካል ስም እንጂ በሚገድበው ሕግ ስም ካልጠራው፣ ገደቡ ከቋንቋው ውስጥ ወጥቷል ማለት ነው። መዝገበ ቃላት ሁለቱን ለያይቶ መፍታት አለበት።

3. «ሲቪል» እና «ሰላማዊ ሰው»

ከሁሉ የበለጠ ጉዳት የሚያስከትለው መደበላለቅ እዚህ ላይ ነው። «ሰላማዊ ሰው» ጥሩ አማርኛ ነው፤ «ሲቪል» ደግሞ የውሰት ቃል ነው። ይሁንና «ሰላማዊ» ጠባይን ይገልጻል፤ «ሲቪል» ግን የሰውዬውን በሕግ ፊት ያለውን ሥፍራ። በደብረ ታቦር ዙሪያ ባለው ደጋ ጠመንጃ ከእርሻ መሣሪያ እኩል በቤት የሚገኝ ዕቃ ነው፤ ባላገሩ ከብቱን ይጠብቅበታል፣ በሠርግና በለቅሶም ይይዘዋል። በተራ አማርኛ «መሣሪያ ያለው ሰው ሰላማዊ ነውን?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ያከራክራል። በሕጉ መሠረት ግን ይህ ባላገር የሠራዊት አባል እስካልሆነና በውጊያ በቀጥታ እስካልተካፈለ ድረስ ሲቪል ነው። የ1977 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ፕሮቶኮል በዐንቀጽ 50፣ ሲቪል መሆኑ ያጠራጠረ ሰው እንደ ሲቪል እንዲቆጠር ያዝዛል። «ሰላማዊ» የሚለው ቃል የማስረዳቱን ሸክም በተጠርጣሪው ላይ ይጥላል፤ «ሲቪል» የሚለው ከላዩ ያነሣለታል።

ስም ጥበቃን እንደሚነጥቅ ታሪክ ያስረዳል። ጣሊያን ኢትዮጵያን ወደ ግዛቴ ቀላቅያለሁ ካለ በኋላ አርበኞችን ተዋጊ ብሎ መጥራት ትቶ ዐመፀኛ አላቸው። ሙሶሊኒ ሐምሌ 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ለግራዚያኒ ባስተላለፈው ቴሌግራም በዐመፀኞችና ተባባሪያቸው በሆነ ሕዝብ ላይ የሽብርና የጥፋት ሥራ እንዲካሄድ ፈቀደ። «ተባባሪ» የሚለው ቃል እንጀራ ያቀበለችውን እናት ሳይቀር ሊያካትት ቻለ። በእኛም በኩል «ባንዳ» የሚለው ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል በመጀመሪያ የታጠቀውን የጠላት ተቀጣሪ ይጠራ ነበር፤ ቆይቶ በሥራው የቆየውን ጸሐፊና አስተርጓሚ ሁሉ ጠቀለለ። አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት በዐንቀጽ 54 በተያዘ ግዛት ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችንና ዳኞችን ሥፍራ ያዥ ጦር እንዳይለውጥ ይከለክላልና፣ ተርጓሚው ሁለቱን ሰዎች በአንድ ስም መጥራት የለበትም።

4. «ምርኮ»፣ «መያዣ»፣ «ደፈረ»

«ምርኮ» በጥንቱ አማርኛ ሰውንም፣ ከብትንም፣ ዕቃንም ያጠቃልላል፤ የጀግንነት ሽታም አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ በዘመናቸው መጨረሻ ከደብረ ታቦር እየተነሣ የሚዘምተው ሠራዊታቸው የበጌምድርን ገበሬ ሲያራቁት የተወሰደው ንብረት ምርኮ ሊባል አይችልም፤ ባለንብረቱ ጠላት አልነበረምና። ዛሬ «ምርኮ» ከተዋጊ ለተወሰደ የጦር መሣሪያ ብቻ ይዋል፤ ከሲቪል የተወሰደው «ዘረፋ» ይባል። አራተኛው ስምምነት በዐንቀጽ 33 ዘረፋን፣ የጋራ ቅጣትንና በቀልን በአንድነት ይከለክላል።

«መያዣ» በፍትሐ ብሔር ሕግ ለብድር የሚሰጥ ንብረት ነው። ዐንቀጽ 34 የሚከለክለውን ድርጊት ለመግለጽ «ሰውን በመያዣነት መያዝ» ማለት ትክክል ነው፤ ለሰውዬው ግን «ታጋች» ይሻላል፤ ሰው ንብረት አይደለምና።

«ደፈረ» ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። አገር ይደፈራል፣ ከተማ ይደፈራል፣ ክብር ይደፈራል፤ ሴትም ትደፈራለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. አምነስቲ ኢንተርናሽናል ባወጣው ዘገባ፣ ከላይ በተጠቀሱት ቀኖች በንፋስ መውጫ በታጣቂዎች የተጠቁ 16 ሴቶች ቃላቸውን ሰጥተዋል። እንዲህ ባለ ጽሑፍ «ንፋስ መውጫ ተደፈረች» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢገባ የሴቶቹ ጉዳት በከተማው ጉዳት ውስጥ ይሸሸጋል። ስለዚህ ለሰው «አስገድዶ መድፈር»፣ ለቦታ «ተያዘ» ወይም «ተጠቃ» ማለት ይገባል። የስምምነቱ ዐንቀጽ 27 ሴቶችን ከዚህ ጥቃት ሲጠብቅ ስለ ክብራቸው ይናገራል፤ ቢሆንም ወንጀሉ የተፈጸመው በሰው አካል ላይ መሆኑን የሚሰውር አማርኛ መመረጥ የለበትም።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረቡት ሐሳቦች በአንድ መመሪያ ሊጠቃለሉ ይችላሉ። ይኸውም፣ በዚህ የትርጉም መስክ ሁለት አማራጭ ቃላት ሲገኙ፣ ለሲቪሉ ጥበቃ የሚሰጠውን ወሰን ግልጽ አድርጎ የሚያሳየውን መምረጥ ነው። የጄኔቫ ስምምነቶች የተፈረሙት ነሐሴ 6 ቀን 1941 ዓ.ም. ነበር፤ የንፋስ መውጫ ሰዎች መከራ የጀመረው ከ72 ዓመት በኋላ በዚያው ዕለት ነው። የሕጉ ቃላት በአማርኛ ጠርተው ቢቀመጡ መከራውን ያስቀሩት ነበር ለማለት አይቻልም። የተደረገባቸውን ነገር በስሙ ለመጥራትና ለመክሰስ ለሚነሣ ሰው ግን ቃሉ ተዘጋጅቶ ሊጠብቀው ይገባል፤ ይህም የእኛ ሥራ ነው።