ባቡሩ የት ይቁም?

ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው ባቡር ዳገት ስለሚከብደው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር፤ የዘመኑ ትልቅ ገበያ እዚያ ነውና። ሐረር ግን ከፍታ ላይ ናት፤ ሐዲድ እዚያ ድረስ ማውጣት ብዙ ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ መስመሩ በቆላው በኩል አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ በደረሰበት ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ በቀለ። ጣቢያው መጣ፣ የጥገና ጋራዡ መጣ፣ ሠራተኛው መጣ። ቀጥ ቀጥ ያለ መንገድ ያለው የከዚራ ሰፈር ተቀየሰ፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ደግሞ የመጋላ ሰፈር ደራ። የሐረር ቡናም ቁልቁል እየወረደ እዚያ ይጫን ጀመር።

ባቡር ከተማ የሚያበቅለው እንዴት ነው? መንገደኛ በሚሳፈርበትና በሚወርድበት ቦታ ይቆማል፣ ይጠብቃል፣ ይርበዋል። መጀመሪያ የምትደርሰው ጀበናዋን የያዘችው ናት፤ ሱቁ ይከተላል፣ ከዚያ አልጋ ቤቱ። ኪራይ ይወደዳል፤ ኪራይ ሲወደድ ባለይዞታው ወደ ላይ መሥራት ያዋጣዋል። ሐዲድ ደግሞ በአንድ ሌሊት ተነቅሎ አይሄድም፤ ስለዚህ ባለገንዘቡ ያምነዋል። ታክሲ ሰው ወዳለበት ይሄዳል፤ ባቡር ግን ሰውን ወደሚቆምበት ይጠራል። (ታክሲም ቢሆን ብዙ መስመር አንድ ቦታ ላይ ከተገናኘ ገበያ ይፈጥራል፤ የአዲስ አበባውን መገናኛ ማየት ይበቃል።)

መስመር ግን ሁልጊዜ አያገናኝም፤ አንዳንዴ ይለያያል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መሬት ለመሬት በሚሄድባቸው ቦታዎች በአጥር ተከልሏል። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ሱቆች ለእግረኛ ተራራቁ። ሽንኩርት ሊገዛ የወጣ ሰው መሻገሪያ ፍለጋ ያን ያህል አይዞርም፤ ከወዲህ ማዶ ያገኘውን ገዝቶ ይመለሳል። በእኔ እምነት ከሐዲዱ ወጪ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የማይባለው የእግረኛ መሻገሪያ ነበር ቀድሞ መታሰብ የነበረበት።

ኮንዶሚኒየሙም ሌላው ጉዳይ ነው። የአያት ኮንዶሚኒየም ባቡር ደርሶታል፤ የጀሞው ግን አልደረሰውም። ቤቱ ከትራንስፖርቱ ሲቀድም ነዋሪው ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ማታም ሰልፍ ላይ ነው፤ አቅም ያለው መኪና ይገዛል፣ መንገዱም ይጨናነቃል።

ቤት ልትገዙ ወይም ልትከራዩ ካሰባችሁ ደላላው «ታክሲ እንደ ልብ ነው» ስላላችሁ ብቻ አትስማሙ። በሥራ ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሂዱና ከበሩ እስከ ፌርማታው በእግራችሁ ሞክሩት።