ከፋብሪካው በኋላ የሚቀረው፤ ባሕር ዳር ለብቸናና ለሞጣ ሰበካዎች የምታስተምረው

ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ ለአጥቢያዎቻችን የገበያ መንገድ ብቻ አይደለም። ትምህርታቸውን የጨረሱ፣ መሬት ያልደረሳቸው ወይም የእርሻው ገቢ ያልበቃቸው ልጆቻችን ሥራ ፍለጋ የሚሄዱበትም ነው። ካህናት መርቀው ይሸኟቸዋል፤ ወላጆችም «ከተማ ሥራ አይጠፋም» ብለው ይጽናናሉ። በዚህ ጽሑፍ የከተማው ሥራ ከየት እንደ መጣ፣ ስለ ምን እንደሚለዋወጥና ሰበካ ጉባኤያት ከዚህ ምን ሊማሩ እንደሚገባ እናብራራለን።

አባቶቻችን ሐይቁንም ባሕር ይሉት ነበርና፣ በጣና ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አጠገብ የተቆረቆረችው ከተማ ባሕር ዳር ተባለች። ከፋብሪካው ዘመን በፊት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና በገበያዋ ዙሪያ የተሰበሰበች አነስተኛ መንደር ነበረች። ኑሮዋም ከውኃው ጋር የተያያዘ ነበር፤ ከደንገል የተሠራው ታንኳ ዓሣውን፣ ማገዶውንና የዘጌን ቡና ያመላልስ ነበር። ታንኳውን በመሥራት በተለይ የሚታወቀው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ እንጀራውን ያገኝ የነበረው ከዚሁ ዳርቻ ነው።

ይህ መልክ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ተለወጠ። የጣሊያን መንግሥት በወረራው ላደረሰው ጥፋት በከፈለው የጦር ካሣ የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተሠራ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተቋቋመው የፖሊ ቴክኒክ ተቋም ወጣቶችን በጨርቃ ጨርቅ፣ በብረታ ብረት፣ በኤሌክትሪክና በመሳሰሉት ሙያዎች ማሠልጠን ጀመረ። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በጢስ ዓባይ 11.4 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የኤሌክትሪክ ጣቢያ ለፋብሪካውና ለከተማው ኃይል ይሰጥ ጀመር። ውኃ፣ ኃይልና የሠለጠነ እጅ በአንድ ሥፍራ ስለ ተገናኙ መንደሪቱ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከተማ ሆነች።

ፋብሪካ በሚገኝበት ከተማ ደመወዝ የሚቀበለው ሠራተኛ ቢሆንም፣ በደመወዙ የሚኖረው ግን ሠፈሩ በሙሉ ነው። እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ቤት አከራዩ፣ ባለ ሱቁ፣ ዕድሩና አጥቢያው ሁሉ የወር መጨረሻን ይጠብቃሉ። ስለዚህ ፋብሪካው ሲያነጥስ ሠፈሩ ይታመማል። የአገራችን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በማሽን ማርጀት፣ በጥጥ እጥረት፣ ከውጭ በሚገባ ጨርቅና በሰልባጅ ምክንያት ብዙ ጊዜ ተዳክመዋል። ባሕር ዳርም ኑሮዋን ለአንድ የፋብሪካ ግቢ አሳልፋ መስጠት አልቻለችም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ለፋብሪካው ዘመን የተዘራው ትምህርት ከማሽኖቹ በላይ ዕድሜ አገኘ። የፖሊ ቴክኒኩ ተቋም በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የጨርቃ ጨርቅ ትምህርቱም በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ራሱን ወደ ቻለ ተቋም አደገ። ሙያ ያለው ሠራተኛ ከአንዱ በር ሲወጣ ሌላ በር ያንኳኳል፤ ጉልበቱን ብቻ ይዞ የገባው ግን ፋብሪካው ሲዳከም አብሮ ይዳከማል።

ከፋብሪካ ዘመን የሚቀረው ሁለተኛው ነገር ዕዳ ነው። ጨርቅ ለማንጣት፣ ለማቅለምና ለማጠብ፣ ቆዳም ለማልፋት ብዙ ውኃ ያስፈልጋል፤ ያ ውኃ ኬሚካሉን ይዞ ይወጣል። በዓባይ መነሻ አካባቢ የተደረጉ ጥናቶች የጨርቃ ጨርቅና የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የወንዙን ውኃ ጥራት እንደሚጎዳ አመልክተዋል። ጣናም ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም፣ ጥልቅ ከሚባለው ሥፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከከተማ በሚወጣው ቆሻሻና ከእርሻ ታጥቦ በሚገባው አፈርና ማዳበሪያ በቀላሉ ይጎዳል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ በእንዲህ ያለ ውኃ ይፋፋል። ደንገሉም እየሳሳ በመሄዱ የታንኳ ሠሪው ሙያ ተናግቷል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ መመዝገቡ የሚያስደስት ነው፤ ሆኖም መዝገብ ብቻውን ፍሳሽን አይከለክልም። በአንጻሩ የደሴት ገዳማቱ ዛፎች ሌላው ዳርቻ ሲራቆት እስከ ዛሬ ቆመው የሚታዩት ጠባቂ ስላላቸው ነው።

ታዲያ ይህ ለብቸናና ለሞጣ ምናቸው ነው? ከተሞቻችን እየሰፉ ናቸው፤ ወፍጮ ቤቱ፣ ዘይት መጭመቂያው፣ ጋራዡና የመኪና እጥበቱ እየበዛ ነው። ነገ ፋብሪካ ቢመጣም በደስታ እንቀበለዋለን። ሆኖም ሰበካ ጉባኤያት ሦስት ነገሮችን ከወዲሁ እንዲያስቡ እንመክራለን።

አንደኛ፣ ወጣት ከአጥቢያው ከመሄዱ በፊት አንድ ሙያ ይያዝ። በሰንበት ትምህርት ቤት በኩል የትኛው ወጣት ምን ለመማር እንደሚሻ መዝግቦ በአቅራቢያው ካለው የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ጋር ማገናኘት ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ የሚሄደው ልጅ ከሰበካው መሸኛ ደብዳቤ ይዞ ይሂድ፤ የንስሐ አባቱም በሚሄድበት ከተማ ላለው አጥቢያ ያስታውቁለት። ሥራ ሲጠፋ በመጀመሪያ የሚጠፋው ጠያቂ ዘመድ ነውና።

ሦስተኛ፣ አዲስ የሥራ ግቢ በሚከፈትበት ጊዜ «ስንት ሰው ይቀጥራል?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ፍሳሹ ወዴት ይወርዳል?» የሚለውም ይጠየቅ። ከአካባቢያችን የሚወርዱት ወንዞች ወደ ዓባይ ይገባሉ፤ ከእኛ በታች የሚጠጣ ሰውና ከብት አለ። ምንጩንና የአጥቢያውን ደን መጠበቅ የመቃኞና የአጸድ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤት የሚከፈል ዕዳ ነው።

እነዚህን ሦስት ነጥቦች በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ በአጀንዳነት አስይዛችሁ እንድትወያዩባቸው እናሳስባለን። ፋብሪካ ይመጣል፣ ያረጃል፣ ይለወጣል፤ ትምህርቱና ውኃው ግን ለልጅ ልጅ ይተላለፋሉ። የሚተላለፉት በደኅና ይሁን በጉዳት የሚወሰነው ፋብሪካው ከመምጣቱ በፊት በሚደረግ ምክክር ነው።